እኔ ያጠፋሁት ጥጥ

በእብናት ቆላ አንድ የጥጥ ዘር ነበረ። አሁን የለም። ድርቅ አላጠፋውም፣ አንበጣም አልበላውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በየስብሰባው ስናገር «የአካባቢ ዝርያዎች እየተመናመኑ ነው» እላለሁ። እንዲህ ሲባል ማንም አይጠየቅም፤ ድርጊቱ ባለቤት የለውም። እዚህ ግን ባለቤቱን ልጻፍ።

የተወለድሁት ደብረ ታቦር፣ ከሸማኔ ቤት ነው። ደርግ በወደቀ ማግሥት ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርሁ። መንግሥት ተለወጠ፤ የሸማኔ ስም ግን አልተለወጠም። አባቴ የሠሩትን ኩታ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው፣ በደጃችን ሲያልፍ ሕፃኑን በዚያው ኩታ ይሸፍን ነበር። ዓይናቸው ይበላል ተብለን የምንፈራ ሰዎች ነበርን። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ቆሎዋን ስትቆረጥም ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። አንድ ቀን እያለቀስሁ ለአባቴ ነገርኋቸው። እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጡ፣ መወርወሪያውን ሳያቆሙ፣ «የለበሰችውን ማን እንደሠራው ጠይቂያት» አሉኝ። አልጠየቅኋትም። ይልቁንስ አጥብቄ ተማርሁ። ብማር ስሙ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሰውን አያማርሩም፤ የሚያማርሩት ክርን ነው። ድሩ ከፋብሪካ የመጣ፣ ማጉ ብቻ የሴት እጅ ያለበት መሆኑ ያበሳጫቸው ነበር። «በእኛ ጊዜ» ይላሉ፣ «ከእብናት ቆላ የሚመጣ ፈትል ነበር። ለማግ ብቻ አይደለም፣ ለድርም ይሆን ነበር። ብትጎትቺው የሚቆርጠው እጅሽን እንጂ አይበጠስም።» ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዕፅዋት ትምህርት ሲደርሰኝ፣ ቀጥሎም ዘር ማሻሻልን ስመርጥ፣ ለምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ የማልነግረው ምክንያት ይኸው ነበር። የሸማኔ ልጅ ነኝ ከማለት ተመራማሪ ነኝ ማለት ይቀላል።

ሁለተኛ ዲግሪዬን፣ በኋላም ሦስተኛውን ጨርሼ ስመለስ፣ ከውጭ በተገኘ ድጋፍ የሚሠራ አንድ ትንሽ የጥጥ ፕሮጀክት ቀጠረኝ። ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ክፍል ቤተ ሙከራ፣ እብናት ቆላ ወንዝ ዳር ደግሞ በመስኖ የሚለማ የሙከራ እርሻ ነበረን። ሥራችን ለቆላው ገበሬ የሚሆን አዲስ ጥጥ ማውጣት ነው። ድሮ ዘር የሚያሻሽል ሰው ሁለት ጥጥ አዳቅሎ፣ ልጆቹን ዘርቶ፣ እስኪያፈሩ ጠብቆ ነበር የሚመርጠው። እኛ ግን ገና ሁለት ቅጠል ካወጣው ችግኝ ጥፍር የምታክል ቁራጭ ቆርጠን፣ ዘረመሉን ከቅጠሉ ለይተን፣ የምንፈልገውን ጠባይ የሚያመለክት ምልክት እንፈልጋለን። ምልክቱ ያለበት ይቆያል፤ የሌለበት ይነቀላል። ምልክቱን ጠቋሚ እንለዋለን። ስንት ዓመት የሚፈጀውን ሥራ ያሳጥራል። እኔም አምኜበት ነበር፤ አሁንም አምንበታለሁ። በደሉ ከጠቋሚው አልነበረም።

አዲሱ ጥጥ ከውጭ በመጣ፣ ብዙ በሚያፈራና ክሩ ረጅም በሆነ ጥጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። ችግሩ፣ ቆላውን አይችልም። ዝናብ ቀደም ብሎ ሲያቆም ፍሬውን ያረግፋል፣ ነጭ ዝንብ ቅጠሉን ይጨርሰዋል። የሚዳቀለው የአገር ጥጥ ያስፈልገን ነበር። አንድ ቅዳሜ እብናት ገበያ ወጥቼ ከአምስት ከስድስት ሴቶች አንዳንድ ልቃቂት ፈትል ገዛሁ። ደብረ ታቦር አምጥቼ አባቴ ጉልበት ላይ ደረደርሁት። አንዱን ክር ሳብ አደረጉና ለቀቁት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ በሁለት እጃቸው ጠምጥመው ጎተቱ። ጣታቸው ነጭ እስኪሆን ጎተቱ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ከገበያ ነው፤ አንዲት ሴት ናት የፈተለችው።»

«ስለ ፈታይዋ አይደለም የምጠይቅሽ። ጥጡ ከየት ነው?»

እንዲህ ነው የተገናኘሁ ከባለ ጥጧ ጋር። ፈትሉን የሸጠችልኝ ሴት፣ ባዘቶውን የሰጧትን አክስቷን ነገረችኝ። ከእብናት ከተማ ወደ ታች ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንደር ነበር የሚኖሩት። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ጎጆ ወጥተዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ነበሩ። ጓሯቸውን ዙሪያውን የከበበው አጥር አይደለም፣ ጥጥ ነው። ግንዱ እንደ ክንዴ የወፈረ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ፣ ስንት ዓመት እዚያው እንደቆመ የማይታወቅ ጥጥ። በደረስሁበት ሰዓት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይዳምጡ ነበር። ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርገው በቀጭን ብረት ሲደመጥጡት፣ ፍሬው እንደ ባቄላ ጥርት ብሎ፣ ጥቁር፣ ራቁቱን ይወጣል። ፎቶ አነሳሁ። አየሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ አላስተዋልሁትም።

«ዘር ፈልጌ ነው የመጣሁ፣ እናቴ» አልኋቸው።

«ለምንሽ?»

«ከሌላ ጥጥ ጋር ላዳቅለው። ብዙ የሚያፈራ፣ ክሩ የረዘመ እንዲሆን።»

«ይኼስ ምን አነሰው?»

ስለ ምርት ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ብረቱን አስቀመጡ። «በዚህ አገር የቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላው ሰሊጥና ማሾ ዘራ። እኔ ስሞት ልጆቼም ይነቅሉታል። ከሆነስ ሆነ፣ ውሰጂ።» ከጓዳ ገብተው በአሮጌ ነጠላ ጨርቅ የተቋጠረ ፍሬ አመጡ። ዋጋ ብጠይቃቸው ተቆጡ። «ዘር ይሸጣል እንዴ? አደራ ነው። ብፈልገው ትመልሺልኛለሽ።»

«እመልሳለሁ» አልሁ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የሕይወቴ ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ይህንም መደበቅ አልችልም። ማዳቀል ትዕግሥት ይፈልጋል። ነገ የሚፈነዳውን እምቡጥ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መርጠሽ፣ በጥፍርሽ ገልጠሽ፣ የወንዴውን ክፍል አንድ ሳታስቀሪ ታወጫለሽ፤ ጠዋት ተመልሰሽ የሌላውን ጥጥ ብናኝ ትቀቢዋለሽ። አንዳንድ የአገር ጥጥ ከውጭው ጋር ከነጭራሹ አይዳቀልም። የእሳቸው ግን ተቀበለ። የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ሲያዙ እርሻው መሃል ተንበርክኬ እልል ብያለሁ። ከትውልድ ትውልድ ቅጠል እየቆረጥን፣ ምልክት እየፈለግን፣ እየነቀልን፣ እያስቀረን ሄድን። የተመረጡትን ጥጥ ደግሞ ደብረ ታቦር እያመጣሁ ለአባቴ እሰጥ ነበር። ክሩን የሚለካ መሣሪያ አልነበረንም፤ ናሙና ወደ ሌላ አገር ልከን ወራት እንጠብቃለን። አባቴ በጣታቸው አሽተው «ይኼ ይሆናል፣ ይኼ ገለባ ነው» ይላሉ። ውጤቱ ሲመጣ እሳቸው ያሉት ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ግን የአባቴን ነገር አልነገርኋቸውም። በሪፖርቱ ውስጥ «ቅድመ ምርጫ» ብዬ ጻፍሁት።

አምስተኛው ዓመት ላይ የሚሆን መስመር አገኘን። ብዙ ያፈራል፣ ክሩ ረጅም ነው፣ ነጭ ዝንብ አይደፍረውም፣ ዝናብ ቢያጥር ይታገሣል። አሁን ዘሩ መብዛት ነበረበት። ለዚህ የተመረጠው የባለ ጥጧ መንደር ነው፤ ውኃ አለው፣ መሬቱ ጥሩ ነው፣ ሴትዮዋም ተሰሚነት አላቸው። ነገር ግን ንጹሕ ዘር በሚባዛበት አካባቢ ሌላ ጥጥ ሊኖር አይገባም። ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ብናኝ ይዛ ትሄዳለች፣ ዘሩ ይደባለቃል። በጠቅላላው መንደር ያለው ሌላ ጥጥ ደግሞ የእሳቸው አጥር ብቻ ነበር።

ልጠይቃቸው የሄድሁት ከቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ጋር ነው። እሱ ስለ ምርት፣ ስለ ገበያ፣ ጥጡን በመኪና መጥቶ ስለሚወስደው መዳመጫ ፋብሪካ ተናገረ። እሳቸው እሱን አላዩትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

«ንቀይው ነው የምትይኝ?»

«ለአንድ ሁለት ዓመት ነው፣ እናቴ። ዘሩ እኔ ዘንድ አለ። ከሰጡኝ ቋጠሮ የተረፈው እንዳለ ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ።»

«እናቴ የተከለችው ነው።»

«አውቃለሁ። እመልስልዎታለሁ፤ እኔው ራሴ መጥቼ እተክለዋለሁ።»

«አንቺ ካልሽ» አሉ። ከሌላ ሰው ቢመጣ እምቢ እንደሚሉ አውቅ ነበር። የሸማኔ ልጅ መሆኔን ነግሬያቸው ነበር፤ ከሁሉ ሰው ለእሳቸው ብቻ፣ እንዲያምኑኝ። በሕይወቴ ያንን ስም አንድ ጊዜ በፈቃዴ ብጠቀምበት ለዚህ ሆነ። በሳምንቱ ጎረቤቶቻቸው መጥረቢያ ይዘው መጡ። ሥሩ እንደ ዋርካ ሥር ነበር፤ ሁለት ቀን ፈጀ። እንጨቱን ለማገዶ ተካፈሉት።

የመጀመሪያው ዓመት ምርት ሰውን አስደነቀ። መንደሩ ነጭ ሆነ። እንግዶች መጡ፤ ባለ ጥጧም ጥጡ መሃል ቆመው ፎቶ ተነሡ። በማግሥቱ እኔ ያንን ሥራ ላቀርብ ለሁለት ወር ወደ ውጭ አገር ሄድሁ።

ከመሄዴ በፊትና እዚያ ሳለሁ ሁለት ነገር አደረግሁ። ሁለቱም ትንንሽ ነበሩ። አንደኛ፣ አዲስ የቅጠል ናሙና የሚገባበት ቦታ በማቀዝቀዣው ስላልነበረ፣ የባለ ጥጧን ቋጠሮ አውጥቼ መጋዘን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት። የደብረ ታቦር ብርድ ለዘር ምን ይለዋል ብዬ ነው፤ እውነትም ምንም አይለውም። ስያሜ አልለጠፍሁበትም። ሌላው ናሙና ሁሉ ቁጥር አለው፤ እሱ ግን የእሳቸው አሮጌ ነጠላ ነው፣ ሳየው የማውቀው። ከእኔ ሌላ የሚያየው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ለዘር ባንክ ልልክለት ያሰብሁትም ፎርም ግማሹ ተሞልቶ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሁለተኛ፣ የመጋዘን ኃላፊው እዚያ አገር ሳለሁ ደውሎ፣ «ዶክተር፣ ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ነው ተብሎ ንብረት ቁጠሩ ተብለናል። መደርደሪያው ላይ የተዝረከረከውን ምን ላድርገው?» አለኝ። ንግግር ላደርግ ወደ አዳራሹ እየገባሁ ነበር። «ስያሜ የሌለውን ሁሉ አስወግደው» አልሁት።

ወጥቼ ስለ እብናት ቆላ ጥጥ ተናገርሁ። አጨበጨቡልኝ።

ስመለስ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ነበር። ድጋፉ አልቋል፣ የሙከራ እርሻው ለባለቤቶቹ ተመልሶ ታርሷል፤ ማሾ በቅሎበታል። ከእሳቸው ፍሬ ያበቀልኋቸው እናት ተክሎችም አብረው ታርሰዋል። ቤተ ሙከራውንና መጋዘኑን የከተማው ዩኒቨርሲቲ ተረክቦ፣ እኔን ማስተማር ላይ መደበኝ። ይወስደዋል የተባለው መኪና በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛውን ምርት ሊወስድ አልመጣም። ቋጠሮውን አልፈለግሁትም፤ አለ ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ጠዋት ከክፍል ስወጣ ባለ ጥጧ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከእብናት በአውቶብስ መጥተው፣ ሰው ጠይቀው ነው የደረሱት። ነጠላቸው ውስጥ ጥጥ አለ፤ አዲሱ ጥጥ፣ የእኔ ጥጥ። ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ቢሮዬ አስገብቼ አስቀመጥኋቸው። አንዱን ጥጥ አንስተው በጣታቸው ለመፈልቀቅ ሞከሩ። አልሆነም። ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ሞከርሁ። ፍሬው እንደ አይጥ ጠጉራም ነው፣ ጥጡ ከጠጉሩ አይላቀቅም። ደግሜ ብጎትተው ክሩ ተበጠሰ።

«በብረት ስደመጥጠው ፍሬው ይደቃል» አሉ። «ጥጡ ይቆሽሻል። ለእናንተ ፋብሪካ ነው እንጂ ለእኛ እጅ አይደለም። መኪናውም አልመጣ። ቤቴን የሞላው ይኸው ነው፤ ለአይጥ ማደሪያ ሆነ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያንን ሁሉ ዓመት ስንት ጠባይ ስፈልግ፣ ለስንቱ ጠቋሚ ሳበጅ፣ ፍሬው ራቁት ይሁን ጠጉራም ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። በፎቶዬ ውስጥ አለ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ፍሬ። አባቴም አልነገሩኝም፤ ለእሳቸው የሚደርሰው ሁልጊዜ የተዳመጠ ጥጥ ነበርና።

«ዘሬን መልሺልኝ» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ያንን ልትከል። ዝናብ ሊገባ ነው።»

«ዛሬውኑ» አልኋቸው።

ቢሮ ውስጥ ትቻቸው ወደ መጋዘን ሄድሁ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ኃላፊው ከቁልፎቹ ጋር መጣ፤ ደግ ሰው ነው፣ ታማኝ ሰው። በአሮጌ ነጠላ የተቋጠረ ነገር አይተሃል ወይ አልሁት።

«ያ ፍሬ ጥጡ?» አለ። «ስያሜ የሌለውን አስወግድ አላሉኝም? መጣሉ አሳዘነኝና ለጥገቴ አበላሁት። ፍሬ ጥጥ ለላም ጥሩ ነው ይባላል።»

በእጁ የነበረውን ቁልፍ እያገላበጠ «በደልሁ እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ አንተ አልበደልህም» አልሁት። እውነቴን ነው።

ከመጋዘኑ እስከ ቢሮዬ ያለው መንገድ አጭር ነው። ያኔ ግን ሦስት ጊዜ ቆምሁ። ሐሰት አዘጋጅቼ ነበር፤ ቁልፉ የለም፣ ሰውየው ፈቃድ ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አመጣልዎታለሁ የሚል። ቢሮ ስገባም እሱኑ ነው የተናገርሁ። «እሺ፣ እጠብቅሻለሁ» ብለው ተነሡ። አውቶብስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ሰጡኝ፤ ሳምሁት።

በሳምንቱ አልሄድሁም። በሁለተኛውም አልሄድሁም። ያለኝን ሳጥን ሁሉ በረበርሁ፤ አንድ ፍሬ፣ አንዲት ብቻ፣ ከአንድ ፖስታ ጥግ ትገኝ ይሆናል ብዬ። የእብናት የግብርና ሠራተኞችን ጠየቅሁ። ዝናቡ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ጭቃውን እየተንሸራተትሁ ወረድሁ።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማሾ ይለቅሙ ነበር። ጓሯቸው ተቆፍሮ፣ ለተከላ ተዘጋጅቶ አየሁት። ጉድጓዶቹ ዙሪያውን ተሰልፈዋል። ቆሜ ነገርኋቸው፤ ተቀመጪ ቢሉኝም አልተቀመጥሁም። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ማቀዝቀዣውን፣ ስልኩን፣ ቢሮዬ ውስጥ የዋሸሁትንም።

«ከብት በላው?» አሉ።

«አዎ፣ እናቴ።»

ማሾውን በሰፌዱ ላይ ወደ አንድ ጥግ ሰበሰቡ። «ላሚቱስ ወተት ጨመረች?» አሉኝ።

እሳቸው ቀልደው አያውቁም። አሁንም አልቀለዱም። መልስ የሚፈልጉ ይመስል ያዩኝ ነበር።

«ለመግነዜ ነበር የምፈትለው» አሉ ቀጥለው። «እናቴም በራሷ ፈትል ነው የተገነዘች። ሁለት ልቃቂት ቀርቶኝ ነበር።»

«አባቴ ይሠሩልዎታል» አልሁ፤ አፌ ቀደመኝ።

«በምን?»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልሁ። በእጃቸው ትከሻዬን ይዘው ገፉኝ፣ በኃይል አይደለም። «እግዜር ይፍታሽ አልልሽም» አሉ፤ «ካህን አይደለሁ። በይ ሂጂ፣ ጅረቱ ሳይሞላ።» ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ጅረቱን የተሻገርሁት ውኃው ከጉልበቴ በላይ ደርሶ ነው።

የጠፋውን ልመልስ ሞክሬያለሁ፤ ይህንም ልናገር። አዲሱ ጥጥ ውስጥ የአሮጌው ደም አለ። ከተረፈኝ የድቅል ዘር ላይ ተነሥቼ፣ ከማስተማር በሚተርፈኝ ጊዜ፣ በተለመነ መሬት ላይ፣ ራቁት ፍሬ ያለውን መፈለግ ጀመርሁ። ለዚያ ጠባይ ጠቋሚ አበጀሁ፤ ቀድሞ ላበጀው የሚገባኝን። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ፍሬው ጥርት ብሎ የሚወጣ ጥጥ አገኘሁ። አስፈትዬ ለአባቴ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፣ ጣታቸው ግን አልደከመም። ክሩን ጠምጥመው ጎተቱት። ቆየ፣ ቆየና ተበጠሰ።

«ይመስላል» አሉ። «ግን አይደለም።»

የአሮጌው ጥጥ ዘረመል በትንንሽ ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። በፈለግሁ ጊዜ አውጥቼ ማንበብ እችላለሁ። ማብቀል ግን አልችልም።

አዲሱ ጥጥ በዚያው መሃል ጸደቀ። ሰነዱ ቀድሞ ገብቶ ስለነበረ ኮሚቴው አይቶ አሳለፈው። ስም ወጣለት፣ ለእኔም የምስክር ወረቀት መጣልኝ። ዘሩን የሚያባዛ ስላልተገኘ የሚዘራው ገበሬ የለም። ወረቀቱን ለአባቴ አሳየኋቸው፤ ለምን እንዳሳየኋቸው አላውቅም።

«ምን ይላል?»

«አዲስ ጥጥ አወጣች ይላል።»

«ማውጣቱንስ አውጥተሻል» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሽመናው መለስ አድርገው።

ባለ ጥጧ ያረፉት በተከተለው ጾመ ፍልሰታ ነው። የሰማሁት ዘግይቼ፣ ፈትሉን ከሸጠችልኝ የእኅታቸው ልጅ ነው። ገበያ ላይ አግኝቼ ሰላም ስላት ነገረችኝ፤ ነግራኝም ፊቷን ወደ ሚዛኗ መለሰች። በምን እንደተገነዙ አልጠየቅኋትም። አርባቸው ላይ ልሄድ ተነሥቼ እስከ እብናት ደርሼ ተመለስሁ። ምን ብዬ ነው ከልጆቻቸው ጋር ድንኳን የምቀመጠው?

ያለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ተማሪዎች ይዤ ሌላ ቆላ ወርጄ ነበር። ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በስተጀርባ አንድ የጥጥ ቁጥቋጦ አየሁ። ረጅም ነው፣ ግንዱ እንጨት ሆኗል። ሦስት የፈነዳ ፍሬ ነበረበት። በጣቴ ስፈለቅቀው ጥቁር ራቁት ፍሬ መዳፌ ላይ ወደቀ። አንድ አረጋዊ ቄስ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባቴ፣ ይኼን ማን ተከለው?»

«ማንም አልተከለው፣ ልጄ። እንዲያው በቀለ። ወፍ ነው እንላለን።»

ቅጠል ቆርጬ፣ በበረዶ ዕቃ አድርጌ በማግሥቱ ደብረ ታቦር ገባሁ። ለማንም አልሰጠሁትም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ ሠራሁት። ከዚያ በፊት ለዓመታት ጸሎት አላደረስሁም ነበር፤ መሣሪያው ሲዞር ግን ቆሜ ጸለይሁ። አሮጌው ጥጥ በዘረመሉ አንድ ቦታ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ነበረው፤ ከውጭ የመጣው ደግሞ ሌላ። ልዩነታቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። ቁጥቋጦው ሁለቱንም ተሸክሟል፤ እኔ ባስገባሁበት ቦታ፣ እኔ ባስገባሁት ልክ። ከሙከራ እርሻዬ የወጣ የድቅሌ ልጅ ነው። ወፍም ይሁን የሰው ኪስ፣ ወስዶ እዚያ ጥሎታል።

ለመተማመን ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው። ናሙና በሚመዘገብበት መዝገብ ላይ «መነሻ» የሚል ዓምድ አለ፤ ለማይታወቀው «ያልታወቀ» ብለን እንጽፍበታለን። ብዕሬን አንስቼ «የታወቀ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁበት።